የከፈሉበት ኢንተርኔት፣ የሚፈልጉት ሥራ፣ የሰጡት መረጃ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ ዓምድ ከደረሱት ደብዳቤዎች አብዛኞቹ በሦስት ጉዳዮች ዙሪያ ናቸው፤ እነሱም የኢንተርኔት አገልግሎት ጥራት፣ በቴክኖሎጂው ዘርፍ ሥራ ማግኘት እና የግል መረጃ ደኅንነት ናቸው። በሶፍትዌር ሥራ የምተዳደር እንደመሆኔ ሦስቱን ነጣጥዬ ማየት ይቸግረኛል። መስመሩ ሲቋረጥ የሚጓደለው ሥራ ነው፤ ሥራ ፍለጋው ደግሞ ብዙዎችን መታወቂያቸውን ለማያውቁት ሰው እንዲልኩ ያደርጋቸዋል። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬ፣ የጠያቂዎቹን ስም አስቀርቼ፣ የማውቀውንና የማምንበትን እንደሚከተለው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ቤቴ ያስገባሁት መስመር 10 ሜጋ ነው ተብዬ በየወሩ እከፍላለሁ። ፋይል ሳወርድ ግን የሚያሳየኝ 1.1 ሜጋ ብቻ ነው። ማታ ማታ ከዚያም ይወርዳል። እየተታለልኩ ነው? (ከአዳማ)

መልስ፦ በመጀመሪያው ነገር አልተታለሉም። የአገልግሎት ውል የሚጻፈው በሜጋ ቢት ሲሆን፣ ፋይል ሲወርድ የሚያዩት ቁጥር ግን አብዛኛውን ጊዜ በሜጋ ባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ 10 ሜጋ ቢት ለ8 ሲካፈል 1.25 ሜጋ ባይት ይሆናል፤ ከዚያ ላይ ጥቂቱ መረጃውን ለማጓጓዝ ስለሚውል 1.1 ማግኘትዎ መስመሩ በተባለው መጠን እየሠራ መሆኑን ያሳያል። ይሁን እንጂ ይህን ልዩነት ደንበኛው በራሱ ደርሶበት ሳይሆን ሲዋዋል በግልጽ ተነግሮት ሊያውቀው ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ ሁለቱንም በደፈናው «ሜጋ» ብሎ መሸጥ ተገቢ አይደለም።

የማታው ጉዳይ ግን መመርመር አለበት። ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ሰፈሩ ሁሉ ቪዲዮ ስለሚከፍት የጋራው መስመር ይጨናነቃል፤ ጥያቄው የሚቀንሰው ምን ያህል ነው የሚለው ነው። አስቀድመው ችግሩ ከቤትዎ አለመሆኑን ያረጋግጡ። ላፕቶፕ ካለዎት ከራውተሩ ጋር በኬብል አገናኝተው ፍጥነቱን ይለኩ። በኬብል ደህና ሆኖ በዋይፋይ ከደከመ፣ ምክንያቱ ራውተሩ ከቴሌቪዥን ጀርባ ወይም ወፍራም ግድግዳ ከሚጋርደው ጥግ መቀመጡ ሊሆን ይችላል። ብዙ ራውተሮች ሁለት ዓይነት ዋይፋይ ያወጣሉ፤ የ2.4 ጊጋኸርዙ ግድግዳ አልፎ ራቅ ይላል፣ ነገር ግን የጎረቤት ራውተሮች ሁሉ ይሻሙበታል፤ የ5 ጊጋኸርዙ ፈጣን ነው፣ ሆኖም ከክፍል ክፍል ሲሄድ ቶሎ ይደክማል። በኬብልም ለክተው ማታ ማታ ከግማሽ በታች የሚወርድ ከሆነ ግን ጉድለቱ ከእርስዎ ቤት አይደለም። መስመርዎ የድሮው የመዳብ ስልክ መስመር ከሆነ ደግሞ ከማከፋፈያው በራቁ ቁጥር ፍጥነቱ ስለሚቀንስ፣ በአካባቢዎ ፋይበር ተዘርግቶ ከሆነ ወደዚያ እንዲቀየርልዎ ይጠይቁ።

ለአንድ ሳምንት ያህል ጠዋት፣ ከሰዓትና ማታ የለኩትን ከነቀኑና ከነሰዓቱ መዝግበው ይያዙ። «ኔትወርኩ አይሠራም» ብሎ መደወልና ይህን መዝገብ ይዞ መቅረብ ፈጽሞ አይመሳሰሉም። ሲያመለክቱ የአቤቱታ ቁጥር ይቀበሉ፤ አጥጋቢ መልስ ካላገኙ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 መሠረት ዘርፉን ለሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ያቅርቡ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ደንበኛው አማራጭ አግኝቷል እንላለን፤ በእጁ ልኬት የሌለው ደንበኛ ግን የሚመርጠው ማስታወቂያ አይቶ ነው።

ጥያቄ፦ ለውጭ ድርጅት ከቤቴ ሆኜ የፕሮግራም ሥራ እሠራለሁ። መብራት ወይም ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር ስብሰባ ያመልጠኛል፣ ሥራ የማስረክብበት ቀን ያልፍብኛል። አሠሪዎቼ እስከ መቼ ይታገሡኛል ብዬ እሰጋለሁ። (ከጎንደር)

መልስ፦ በእጅዎ ካለው እንጀምር። ራውተር የሚፈጀው ኃይል በጣም ትንሽ ነው፤ አብዛኛው በ12 ቮልት የሚሠራ ስለሆነ ለራውተር ተብሎ የሚሸጥ አነስተኛ ባትሪ ለሰዓታት ያቆየዋል። የሁለቱንም ኩባንያዎች፣ የኢትዮ ቴሌኮምንና የሳፋሪኮምን፣ ሲም ይያዙ፤ ነገር ግን በአንዳንድ ቦታ ማማዎችን በጋራ ስለሚጠቀሙ አንዱ ሲጠፋ ሌላው ሁልጊዜ ይቀራል ብለው አይተማመኑ። ከሁሉ በላይ የሥራ ልማድዎ መስመር ሲጠፋ የማይቆም ይሁን። ኮዱን በራስዎ ኮምፒውተር ላይ ይያዙ፣ የኮድ ለውጦችን በሚመዘግበው ጊት በተባለው መሣሪያ ትንንሽ ለውጦችን እየመዘገቡ ይሥሩ፣ መስመር በተገኘ ቁጥር ይላኩ፣ ለሚጠቀሙበት ቋንቋ የሚያስፈልገውን መመሪያ አስቀድመው ያውርዱ። ለአሠሪዎ ደግሞ ችግር ሲደርስ ሳይሆን ገና ሲጀምሩ ይንገሩ። በየዕለቱ የተሠራውን በአጭር ጽሑፍ የሚያሳውቅ ሠራተኛ በቪዲዮ ስብሰባ ላይ ቢጠፋም ሥራው ይታያል። ብዙ የውጭ ድርጅቶች መቅረትን ይታገሣሉ፤ የማይታገሡት ሳያሳውቁ መቅረትን ነው።

በእጅዎ የሌለውም አለ። አገራችን የባሕር በር ስለሌላት የዓለም አቀፉ ግንኙነታችን በየብስ ወደ ጅቡቲና ወደ ኬንያ ወጥቶ ነው ከባሕር ውስጥ ገመዶች ጋር የሚገናኘው። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ቀይ ባሕር ላይ ገመዶች ሲጎዱ እንደታየው፣ እዚህ ማንም ሳያጠፋ እዚያ የሚደርሰው ጉዳት ብዙ አገሮችን ያዘገያል። ይህ የተፈጥሮ አቀማመጥ ጉዳይ ነው፤ መፍትሔውም መንገዶችን ማብዛት ነው።

ኢንተርኔትን በትእዛዝ መዝጋት ግን የአቀማመጥ ጉዳይ አይደለም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ከአርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘግቷል፤ ትግራይ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በጦርነቱ ዘመን ሙሉ ተቆርጣ ቆይታለች፤ በአማራ ክልልም ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ጠፍቷል። ጎንደር የሚኖሩ ሰው ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል። በእንዲህ ያለው ጊዜ ባትሪም ሆነ ሁለተኛ ሲም አይረዳም፤ የቻለ ሰው ቤቱን ትቶ ኢንተርኔት ወዳለበት ከተማ ይሰደዳል፣ ያልቻለ ሥራውን ያጣል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነጻነት በመረጠው ማሰራጫ መረጃ የመሰብሰብ፣ የመቀበልና የማሰራጨት ነጻነትንም እንደሚጨምር ይደነግጋል። የጸጥታ ስጋት ሲኖር እንኳ መዝጋቱ በጽሑፍ የወጣ ምክንያት፣ የተወሰነ የጊዜ ገደብና ፍርድ ቤት የሚያየው አቤቱታ ሊኖረው ይገባል ብዬ አምናለሁ። በአንድ በኩል ወጣቱ በኢንተርኔት ሥራ እንዲፈጥር እየጠሩ፣ በሌላ በኩል ኢንተርኔቱን ያለ ማብራሪያ መዝጋት አብረው አይሄዱም።

በደብዳቤዎ መጨረሻ ላይ ጓደኛዎ በውጭ የሥራ ገበያ ድረ ገጽ ላይ «የተረጋገጠ» የሌላ ሰው አካውንት ገዝቶ ሊሠራ መሆኑን ጽፈዋል። እንዳያደርገው ይንገሩት። የአካውንቱ ባለቤት በፈለገ ቀን ተመልሶ ሊወስደው ይችላል፤ ድረ ገጹ ከደረሰበትም ይዘጋዋል፤ የተጠራቀመው ገንዘብና በስንት ልፋት የተገኘው የደንበኞች ምስክርነት በስሙ ስላልሆነ የእኔ ነው ብሎ የሚከራከርበት ነገር አይኖረውም።

ጥያቄ፦ ልጄ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት፤ ኮምፒውተር ሳይንስ መማር ትፈልጋለች። ታላቅ ወንድሟ በኢንተርኔት የሚሰጠውን የኮዲንግ ሥልጠና ወስዶ ሰርተፍኬት አግኝቷል፣ ሥራ ግን አላገኘም። አሁን ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም ይጽፋል ይባላል። ልከልክላት ወይስ ልተዋት? (ከሆሳዕና)

መልስ፦ አይከልክሏት። የወንድሟ ነገር ግን በደንብ ሊታይ ይገባዋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር በነጻ የሚሰጥ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን ብዙ ሰው የያዘው ሰርተፍኬት አንዱን አመልካች ከሌላው አይለይም። ቀጣሪ የሚፈልገው አመልካቹ የሠራውን፣ ሲሠራ የሚታይ ነገር ነው፤ ለሰፈሩ መድኃኒት ቤት የዕቃ መመዝገቢያ ቢሆንም እንኳ ሰው የሚጠቀምበት ከሆነ ይበቃል።

ምን ማለቴ እንደሆነ በምሳሌ ላስረዳ። አመልካቾችን ለመፈተን ስቀመጥ አንድ ገጽ የክፍያ መዝገብ እሰጣለሁ። በመዝገቡ ውስጥ አንድ ደንበኛ ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ላይ 450 ብር ከፍሏል፤ በዚያው ደቂቃ እንደገና 450 ብር ከፍሏል። «ምን ሆኖ ይመስልሃል?» ብዬ እጠይቃለሁ። አንዳንዱ ሁለተኛውን መስመር የሚሰርዝ ትእዛዝ ወዲያው መጻፍ ይጀምራል። አንዳንዱ ግን ቆም ብሎ «ኔትወርኩ መሐል ላይ ተቋርጦበት፣ ያልተከፈለ መስሎት ደግሞ ነክቶት ሊሆን ይችላል፤ ወይም በእርግጥ ሁለት ዕቃ ገዝቶ ይሆናል፤ ስለዚህ ያው ክፍያ ሲደገም እንዲታወቅ እያንዳንዱ ክፍያ ከመላኩ በፊት የራሱ መለያ ቁጥር ሊሰጠው ይገባል» ይላል። ይህን የሚለው ሰው ከየት ተመረቀ ብዬ አልጠይቅም። የሚቆራረጥ ኔትወርክ ላይ ያደገ ልጅ ይህን ችግር በራሱ ስልክ ላይ አይቶታል፤ ሁልጊዜ ፈጣን መስመር ባለበት አገር የተጻፈ መማሪያ ግን ብዙ ጊዜ አያነሣውም።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ኮድ መጻፉ እውነት ነው፤ እኔም በሥራዬ ላይ እጠቀምበታለሁ። ቀላልና ተደጋጋሚ የሆነውን የጀማሪ ሥራ እንደሚቀንስ ማወቅ ይገባል። ነገር ግን የጻፈው ትክክል መሆኑን የሚያውቀው ጉዳዩን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። የልደት ቀን የሚቀበል ቅጽ አሥራ ሁለት ወር ብቻ ይዞ ሲመጣ ጳጉሜ የተወለደው ሰው የት ይመዘገባል? ቀጠሮ የሚይዝ መተግበሪያ «2 ሰዓት» ሲል ጠዋት ነው ወይስ ከቀኑ 8 ሰዓት? የቤተሰብ ስም የሚጠይቅ ሥርዓት የአባትንና የአያትን ስም እንዴት ያደርገዋል? እነዚህ ትንንሽ የሚመስሉ ነገሮች በሆስፒታል ካርድ ክፍልና በባንክ መስኮት ላይ ሰውን ሲያጉላሉ በዓይኔ አይቻለሁ። እንዲህ ያለውን የምታስተውል ልጅ ሥራዋን ማሽን ይወስድባታል ብዬ አልሰጋም። እስከዚያው የእንግሊዝኛ ንባቧንና ሒሳቧን ታጠንክር፤ ወንድሟም ሌላ ሰርተፍኬት ከመጨመር ይልቅ አንድ ሙሉ ሥራ ሠርቶ ይጨርስ።

ጥያቄ፦ በነጻ የሚገኝ ቪፒኤን መጠቀም ከስለላ ይጠብቀኛል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ቪፒኤን የኢንተርኔት ግንኙነትዎን በሌላ ድርጅት ሰርቨር (ማዕከላዊ ኮምፒውተር) በኩል የሚያሳልፍ አገልግሎት ነው፤ የሚያደርገውም እምነትዎን ከአንዱ ወደ ሌላው ማዛወር ነው። የኢንተርኔት አቅራቢዎ የሚያየውን የጉብኝት መረጃ ከአሁን በኋላ የሚያየው የቪፒኤኑ ባለቤት ይሆናል። ማን እንደሆነ የማይታወቅ፣ ክፍያ የማይጠይቅ፣ ነገር ግን ሰርቨር ተከራይቶ የሚያገለግል ድርጅት ወጪውን የሚሸፍነው ከአንድ ቦታ ነውና፣ ያ ቦታ የእርስዎ መረጃ ሊሆን ይችላል። በተለይ የባንክና የቴሌብር አገልግሎት ሲጠቀሙ ያጥፉት።

ጥያቄ፦ ሥራ አመልክቼ ቀጣሪው የፋይዳ መታወቂያዬን የፊትና የኋላ ፎቶ በቴሌግራም እንድልክ ጠየቀኝ። ላክሁ። በኋላ ግን ፍርሃት ያዘኝ። መብቴ ምንድን ነው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ፍርሃትዎ ተገቢ ነው። ይህ ልማድ በዚህ ፍጥነት መስፋፋቱ እኔንም ያሳስበኛል። የፋይዳ ምዝገባ የአሥር ጣት አሻራን፣ የዓይን አይሪስንና የፊት ምስልን የሚይዝ ነው። ይህ ሁሉ በካርዱ ፎቶ ላይ አይታይም፤ ነገር ግን ሙሉ ስምዎ፣ የልደት ቀንዎ፣ ፎቶዎና ቁጥርዎ በአንድ ላይ መገኘታቸው በስምዎ ሂሳብ ለመክፈት፣ ሲም ለማውጣት ወይም ብድር ለመጠየቅ ለሚሞክር ሰው ጥሩ መነሻ ይሆነዋል። የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይቀየራል፤ የልደት ቀንና አሻራ ግን አይቀየርም።

ቴሌግራም ላይ የሚደረግ ተራ ንግግር በኩባንያው ሰርቨር ላይ የሚቀመጥ ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚመሰጠረው፣ ማለትም ከላኪውና ከተቀባዩ በቀር ማንም የማያነበው ንግግር «ምስጢራዊ ውይይት» የሚባለው ብቻ ነው። ከዚህ የሚብሰው ግን የተቀባዩ ስልክ ነው። ፎቶው ከላኩበት ቅጽበት ጀምሮ በሠራተኛው የግል ስልክ የፎቶ ማኅደር ውስጥ፣ ከልጆቹ ፎቶ ጎን ይቀመጣል፤ ስልኩ ለጥገና ሲሰጥ ወይም ሲሸጥ አብሮ ይሄዳል።

መብትን በተመለከተ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል፤ ከዚህም አልፎ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። በዚህ አዋጅ መሠረት መረጃዎን የሚሰበስብ አካል ለምን እንደሚፈልገው ሊነግርዎ፣ ለተባለው ዓላማ ብቻ ሊጠቀምበትና በጥንቃቄ ሊይዘው ይገባል፤ እርስዎም ምን መረጃ እንደተያዘብዎ የመጠየቅ፣ ስህተት ካለ የማስታረምና ሊያዝ የማይገባውን የማሰረዝ መብት አለዎት። ጥበቃውን የሚከታተለው አሁንም የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣኑ ነው። ሕጉ መውጣቱ ደስ ያሰኘኛል። ነገር ግን የሰው ኃይል መምሪያዎች፣ ትምህርት ቤቶችና አከራዮች ሕጉ እነሱን እንደሚመለከት ገና አላወቁም፤ የሚያውቁትም ዜጎች በጽሑፍ መጠየቅ ሲጀምሩ ነው።

አሁን ቀጣሪውን እንዲህ ብለው በትህትና ይጻፉለት፦ «የላክሁት የመታወቂያ ፎቶ ለምን ዓላማ እንደሚውል፣ ማን እንደሚያየውና ካልተቀጠርሁ መቼ እንደሚጠፋ ቢገልጹልኝ አመሰግናለሁ።» መልእክቱን ከሁለታችሁም በኩል ማጥፋት ይቻላል፤ ምንም እንኳ አስቀድሞ የተቀዳውን ባያጠፋም ያድርጉት። ወደፊት ግን ለማመልከት ብቻ መታወቂያ አይላኩ፤ መታወቂያ የሚያስፈልገው ሲቀጠሩ ነው፤ ያን ጊዜም በአካል ቀርቦ ማሳየት ይበቃል። ግድ ከሆነ በፎቶው ላይ «ለእገሌ ድርጅት ለቅጥር ብቻ» የሚል ጽሑፍና ቀን በጉልህ ይጻፉበት፤ ሌላ ቦታ ሊጠቀምበት የሚፈልግ ሰው ይቸገራል። ማስታወቂያው የመታወቂያ ፎቶ ብቻ ሳይሆን የመመዝገቢያ ገንዘብም የሚጠይቅ ከሆነ ሥራው የለም ብለው ይደምድሙ።

ጥያቄ፦ ሪያድ ከመጣሁ ዓመታት ሆነኝ። የኢትዮጵያ ስልክ ቁጥሬን ስላልሞላሁት ተዘጋ። አሁን በዚያ ቁጥር በከፈትሁት ቴሌግራም ለእናቴ «ታምሜአለሁና ብር ላኪ» የሚል መልእክት ደረሳት። እንዴት ሊሆን ቻለ? (ከሪያድ)

መልስ፦ እህቴ፣ ለረጅም ጊዜ ያልተሞላና ያልተጠራ ቁጥር ይዘጋና በኋላ ለሌላ ደንበኛ ይሸጣል፤ ይህ በብዙ አገር የተለመደ አሠራር ነው። አዲሱ ባለቁጥር ቴሌግራም ወይም ኢሞ ሲከፍት የማረጋገጫ ኮዱ የሚመጣው እሱ ዘንድ ስለሆነ በእርስዎ አካውንት ውስጥ ሊገባ ይችላል። ብዙው ሰው ይህን ሲያይ ግራ ተጋብቶ ይተወዋል፤ ክፉ ሰው ከደረሰበት ግን የእርስዎን ዘመዶች ስም ዝርዝርና የቆየ ንግግር ያገኛል።

አካውንቱ አሁንም በስልክዎ ላይ ክፍት ከሆነ በዛሬው ዕለት የሚሠሩት ይህን ነው። በቴሌግራም ማስተካከያ ውስጥ «መሣሪያዎች» የሚለውን ከፍተው የማያውቁትን ስልክ ያስወጡ፤ ቀጥሎ ቁጥሩን ወደ ሳዑዲ ቁጥርዎ ይቀይሩ፤ ከዚያም «የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ» የሚባለውን የይለፍ ቃል ያስገቡ። ይህ የይለፍ ቃል ቀድሞ ቢኖር ኖሮ ቁጥሩን የያዘው ሰው በኮዱ ብቻ ሊገባ ባልቻለ ነበር። ከአካውንቱ ተገፍተው ከወጡ ደግሞ ለእናትዎና ለወዳጆችዎ በድምፅ ደውለው ያ አካውንት የእርስዎ እንዳልሆነ ያሳውቁ። የቀድሞው ቁጥር ከባንክ ሂሳብዎ ወይም ከቴሌብር ጋር ተያይዞ ከነበረ በአገር ቤት ያለው የባንክ ቅርንጫፍ ቁጥሩን እንዲያላቅቀው ዛሬውኑ ይጠይቁ፤ የሂሳብ መልእክቶችዎ ለማያውቁት ሰው እየደረሱ ሊሆን ይችላል።

ወደ ዓረብ አገር፣ ወደ አውሮፓ ወይም ወደ አሜሪካ የሚሄድ ዘመድ ያላቸው አንባቢያን ሁሉ ይህን ከጉዞው በፊት ቢያደርጉት መልካም ነው። ሲሙን ይዞ የሚቆይና አልፎ አልፎ የሚሞላ የቤተሰብ አባል ይኑር፤ ካልሆነም ተጓዡ ባንኩንና መተግበሪያዎቹን ወደ አዲሱ ቁጥር ሳያዛውር የድሮውን አይተው። እናትዎም ከእንግዲህ ብር የሚጠይቅ መልእክት ሲደርሳቸው ድምፅዎን ሳይሰሙ እንዳይልኩ ይንገሯቸው።